ኪኒኑ አሁን የት ደርሷል?

«ብሩኬ፣ ማታ የዋጥሽው ኪኒን አሁን የት ደርሶ ይሆን?»

እማማ ፈንታነሽ ይህን የጠየቁት በቢቸና መናኸሪያ፣ ሞተሩ የተነሳ ሚኒባስ መስኮት ላይ ተንጠልጥለው ነው። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየ። የልጅ ልጃቸው ብሩክታይት አንገቷን ደፋች። አሥራ አምስት ዓመት ሞልቷት፣ ዘጠነኛ ክፍል ልትገባ ትንሽ ሲቀራት፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት የኪኒን ወሬ!

«ሆዴ ውስጥ ነዋ እማማ፤ ሌላ የት ይሄዳል?»

«እኮ ከሆድስ ወዴት? ሆድ ታች ነው፣ ጭንቅላት ላይ ነው። መንገዱን ማን ነገረው? መሀል ላይ ቢጠፋስ?»

«እማማ፣ በእመቤቴ! ሰው እየሰማ ነው!»

አሮጊቷ መልሱን አያውቁትም። ፊደል ቆጥረዋል፣ በዘመናቸውም እስከ አራተኛ ክፍል ተምረዋል፤ የኪኒን መንገድ ግን በአራተኛ ክፍል መጽሐፍ ላይ አልነበረም። ስለዚህ በመልስ ፈንታ ጭንቀት ይዘው ቀሩ። የኪኒኑን ፓኮ በላስቲክ ጠቅልለው፣ በመርፌ ቁልፍ ከቦርሳዋ ገበር ጋር አያይዘውላታል።

«ማታ ማታ አንድ። ብትረሺም ሁለት አትደርቢ። ደግሞ ብቻሽን ውኃ ዳር እንዳትቆሚ…»

«ኧረ በቃ እማዬ!» አሉ ከፊት ወንበር የተቀመጡት ወይዘሮ ስንቄ። «ልጅቷ ሞጣ የምትሄደው ጠበል ልትጠመቅ ነው፤ መድኃኒት ቤት ልትከፍት አይደለም!»

ተሳፋሪው ሳቀ። ወይዘሮ ስንቄ ሰው ሲስቅላቸው ደስ ይላቸዋል። የእማማ ፈንታነሽ ልጅ፣ የብሩክታይት አክስት ናቸው። ሞጣ ላይ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ከፍተው ከተሳካላቸው ወዲህ፣ ለማንም ሰው ስለ ማንኛውም ነገር ምክር ከመስጠት አልቦዘኑም። ስለ ከብት ይመክራሉ። ስለ ወሊድ ይመክራሉ። መኪና ነድተው ባያውቁም ሾፌሩን፣ ደብረ ወርቅ እስኪደርሱ ድረስ፣ ስለ ማርሽ ሲመክሩት ሄዱ። ጉንደ ወይን ላይ ሾፌሩ ሬዲዮውን ከፍ አደረገ። ብሩክታይት ሾፌሩን ወደደችው።

የብሩክታይት ነገር እንዲህ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ሰልፍ ላይ ወደቀች። ስትነቃ ምላሷ ተነክሶ ነበር፤ ቀሚሷ ርሷል። አብረዋት ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የተማሩ ልጆች መብረቅ የወደቀ ይመስል ተበታትነው ከሩቅ ያዩዋታል። አንዱ ብቻ ቀርቦ ክብሪት ጭሮ አፍንጫዋ ሥር ያዘ። ጢሱ ያስነሳታል ብሎ! ማር የሚቆርጥ ነው የሚመስለው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ብሩክታይት ሰውን ሁሉ በአንድ ዓይን ማየት ጀመረች፤ በንቀት።

ሐኪም የሚጥል በሽታ ነው አለና ፊኖባርቢታል የሚባል ኪኒን አዘዘላት። በዋጠችበት በመጀመሪያው ሳምንት እንቅልፍ እንቅልፍ አላት፤ ሳምንቱ ሳያልቅም ደግማ ወደቀች። በንዴት ፓኮውን ይዛ ወደ መድኃኒት ቤት ሄዳ መስኮቱ ላይ ወረወረችው።

«አይሠራም!»

የመድኃኒት ባለሙያው አካለ ወልድ ይባላል። ፊቱ ሎሚ እንደ መጠጠ ሰው ነው፤ በሽተኛ የሚያይበት ዓይኑም ከብሩክታይት ዓይን አያንስም።

«ቤታችሁ የውኃ ሮቶ አለ?» አላት።

«አለ።»

«ባዶ ሮቶ ውስጥ አንድ ጆግ ውኃ ጨምረሽ ሞላ ትያለሽ?»

«አልልም።»

«ታዲያ እዚህ መጥተሽ ምን ያስጮኽሻል? ስሚ። የምትውጭው ኪኒን ሆድሽ ገብቶ ይሟሟል፣ ከአንጀትሽ ወደ ደም ይገባል፣ ደም ደግሞ ተሸክሞ ጭንቅላትሽ ያደርሰዋል። በየማታው አንድ ጆግ ነው። ሮቶው ከሥሩ ያንጠባጥባል። ጉበትሽ መድኃኒቱን እየሰባበረ፣ ኩላሊትሽ በሽንት እየጣለ ያጎድሉታል። ይሄ መድኃኒት ግን ቀርፋፋ ነው፤ ግማሹ እስኪወጣ አራት ቀን ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ ማታ ማታ እየተጠራቀመ፣ በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ ከሚሠራበት መስመር ይደርሳል። ከመስመሩ ሲደርስ አትወድቂም። ብታቋርጪው ደግሞ በአንድ ቀን አይደርቅም፤ ቀስ እያለ ይጎድላል፤ አንቺም ድኛለሁ ብለሽ ትጨፍሪያለሽ። ከዚያ ከመስመሩ በታች ሲወርድ፣ ከበፊቱ የባሰ አወዳደቅ ትወድቂያለሽ። ገባሽ? አልገባሽም። ቀጣይ!»

ገብቷት ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላቋረጠችም፤ ከዓመት በላይም አልወደቀችም። ለአያቷ ግን አላስረዳቻቸውም። እሳቸው ያንን ጥያቄ በየቀኑ ሲጠይቁ፣ እሷ «ሆዴ ውስጥ ነዋ!» እያለች ታልፋለች። አሮጊት ስለ ጉበት ምን ይገባታል?

ሞጣ የደረሱ ማታ፣ ነሐሴ ሊያልቅ አንድ ሌሊት ሲቀረው፣ ብሩክታይት ኪኒኗን ከቦርሳዋ ስታወጣ ወይዘሮ ስንቄ ከእጇ ላይ ቀሟት።

«ጠበልና ኪኒን አይቀላቀልም።»

«ማን አለ እትዬ? ቄሱ ናቸው?»

«የታወቀ ነገር ነው! ማንም ማለት የለበትም። ጳጉሜን ሙሉ ትጠመቂያለሽ፣ መስከረም አንድ ቀን ጤነኛ ሆነሽ ትውያለሽ።»

ፓኮውን ቡፌው ላይ ካለው የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ጨመሩት። ቆርቆሮው ውስጥ የራሳቸው የደም ግፊት ኪኒን አለ። ወይዘሮ ስንቄ በየጠዋቱ ከቁርስ በኋላ ከዚያ አንድ እያወጡ፣ አገጫቸውን ወደ ላይ ቀና አድርገው፣ እንደ ዶሮ ይውጣሉ።

«የእርስዎስ አይቀላቀልም እትዬ?»

«የእኔ በሽታ ነው። ያንቺ መንፈስ ነው!»

ብሩክታይት ሳቋን ዋጠችው። ሳቁ ግን መራራ ነበር።

ነገሩ የጠበል ብቻ እንዳልሆነ ያወቀችው ከአክስቷ ልጅ ከወይንእሸት ነው። ወይንእሸት ሃያ ዓመቷ ነው፤ ኮሌጅ ጨርሳለች፤ አንድ የእህል ነጋዴ ልጅ ሊያገባት ሽማግሌ ተልኮ ነገሩ በእንጥልጥል ላይ ነው። በእንጥልጥል ያስቀሩት ደግሞ የልጁ አባት አቶ ሀብተ ሥላሴ ናቸው። «በስንቄ ዘር የሚጥል አለ» ሲባል ሰምተዋል።

«አንቺን ያመጣሽ እኮ ለዚህ ነው» አለች ወይንእሸት፣ ጥፍሯን እየቀባች፣ ቀና ብላ እንኳ ሳታይ። «ለእንቁጣጣሽ ሰውየው ምሳ ይጋበዛሉ። ድኛለሁ ብለሽ ትመሰክሪላቸዋለሽ። ከዚያ ላሽ በይ፣ ወደ ቢቸናሽ ትሄጃለሽ። ብቻ እንዳትወድቂ! ሰርጌም ላይ እንዳትወድቂ፣ ቪዲዮ ውስጥ ትገቢያለሽ። ሼም ነው።»

ይህችም ለካ እንደ እናቷ ናት፤ የተለየ ነገር ቢኖር ጥፍሯ ብቻ ነው።

ጳጉሜን ገባ። በየማለዳው እየተንቀጠቀጡ ወደ ጠበሉ ይወርዳሉ። ብሩክታይት ጠበሉን አልናቀችውም። ቀዝቃዛው ውኃ አናቷ ላይ ሲወርድ፣ ሳታስበው አልቅሳለች፤ ሲበቃትም ቀልሏት ወጥታለች። አጥማቂው ቄስ ለአንዲት እናት «መድኃኒታችሁን ሳታቋርጡ ተጠመቁ፤ እሱንም የሰጠ እግዚአብሔር ነው» ሲሉ በጆሮዋ ሰማች። ወይዘሮ ስንቄን ዞር ብላ አየቻቸው። ወይዘሮ ስንቄ የዚያን ጊዜ ነጠላቸውን ለማስተካከል ጎንበስ ብለው ነበር። ሲያስተካክሉም በጣም ቆዩ።

በሩፋኤል ቀን ዝናብ ዘነበ። የሰፈሩ ልጆች እየጮኹ ዝናቡ ውስጥ ሲሯሯጡ፣ ወይዘሮ ስንቄ ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው በረንዳው ላይ ይንጎራደዳሉ።

«ምንም! ምንም አልነካትም! ያለ አንድ ኪኒን! ያ ሁሉ ሐኪም ሲበላን የኖረው ለካ በባዶ ሜዳ ነው!»

ቀጥለው እማማ ፈንታነሽ ደወሉ። ወይዘሮ ስንቄ ድምፃቸውን አለሰለሱ። «ትውጣለች እማዬ፣ ትውጣለች። ማታ ማታ እኔው ነኝ የምሰጣት። ይኸው፣ ራሷን ጠይቂያት።» ስልኩን ወደ ብሩክታይት ሲዘረጉ ዓይናቸውን አፈጠጡባት።

«ብሩኬ? እየዋጥሽ ነው ልጄ? የት ደርሷል አሁን?»

ብሩክታይት አክስቷን አየች። ስልኩን አየች። ከዝናቡ የሚመጣው የልጆች ጩኸት ይሰማል።

«እየዋጥኩ ነው እማማ።»

«ተመስገን! እኔ እኮ እንቅልፍ ነስቶኝ…»

ስልኩ ሲዘጋ ብሩክታይት አፏ ውስጥ የሆነ ነገር መረራት። ክብሪት የጫረውን ልጅ ንቃዋለች። አክስቷን ንቃለች። ወይንእሸትን ንቃለች። አሁን ደግሞ አንድ ሰው ተጨመረ። ያንን ሰው ከመስታወት ውስጥ ካልሆነ በቀር አታየውም።

ማታ ጋደም ብላ አሰበች። እውነት ድና ቢሆንስ? ምንም አልሆነችም እኮ። ማመን አማራት፤ በጣም አማራት። ኪኒን የሌለበት ሕይወት፣ ጥያቄ የሌለበት ስልክ። ነገር ግን የዚያ የሎሚ ፊት ድምፅ ይመጣባታል፦ «አንቺም ድኛለሁ ብለሽ ትጨፍሪያለሽ።» ይኸው አክስቷ እየጨፈሩላት ነው። ሮቶው ደግሞ እያንጠባጠበ ነው።

የእንቁጣጣሽ ዕለት ጠዋት ቤቱ ተተራመሰ። ዶሮ ይበለታል፣ ጠላ ይቀዳል፣ ቄጠማ ይጎዘጎዛል። ወይዘሮ ስንቄ አዲስ ቀሚሳቸውን ለብሰው ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያዝዛሉ። ብሩክታይትና ወይንእሸት ኩሽና ውስጥ ሽንኩርት ይከትፋሉ።

ድንገት የብሩክታይት ግራ አውራ ጣት ዘለለ።

ቢላዋውን አስቀመጠች። ጣቷ ሌላ ሰው እንደሚጎትተው ድጋሚ ዘለለ። ወዲያው ደግሞ የጋለ ብረት ሽታ አፍንጫዋን አወደው። ይህን ሽታ ታውቀዋለች። ሰንደቅ ዓላማው ሲሰቀል ሸትቷታል። እጇ የመታው ብርጭቆ ወድቆ ተሰበረ።

ወይዘሮ ስንቄ እየሮጡ መጡ፤ የሚንቀጠቀጠውን እጅ አዩ። ፊታቸው ለአፍታ ገረጣ። ከዚያ አጨበጨቡ።

«እሰይ! ሲወጣ እኮ ነው! እየተሰናበተሽ ነው! በይ ተቀመጪ፣ ውኃ ጠጪ። አቶ ሀብተ ሥላሴ ሲመጡ አጠር አድርገሽ ትናገሪያለሽ፤ ‹ኪኒኑን ጣልኩት፣ ድኛለሁ› ነው የምትይው። ፈገግ እያልሽ!»

ብለው ወደ ሳሎን ተመለሱ፤ የቄጠማው አጎዛጎዝ አላማራቸውም ነበርና።

የእጇ መንቀጥቀጥ ቀስ እያለ ተዋት። ወይንእሸት የተሰበረውን ብርጭቆ መልቀም ጀመረች። ለቅማ ስትጨርስ ግን አልተነሳችም፤ መሬት ላይ ቁጢጥ እንዳለች ቀረች።

«እየተሰናበተ ነው እንዴ እውነት?»

«እየመጣ ነው እንጂ» አለች ብሩክታይት። «እናትሽ መምጣትና መሄድ አይለዩም።»

«አታካብጂ። እስካሁን ምንም አልሆንሽም እኮ።»

«እስካሁን ያቆመኝ ቀድሞ የዋጥኩት ነው።» ሮቶውን ነገረቻት። ጆጉን፣ መስመሩን፣ ከሥር የሚያንጠባጥበውን፣ ጉበቱንና ኩላሊቱን፣ ግማሹ በአራት ቀን፣ የቀረው ደግሞ በሌላ አራት ቀን በግማሽ እንደሚቀንስ። በትዕግሥት ነገረቻት። እንዲህ አድርጋ ለማንም ነግራ አታውቅም። ለአያቷ እንኳ።

የወይንእሸት ጥፍር ቀይ ቀለም ሽንኩርት ስትከትፍ ተላልጧል።

«እና አሁን… የት ደርሷል?» አለች በመጨረሻ።

ብሩክታይት ቀና አለች። ይህን ጥያቄ ከሌላ ሰው አፍ ስትሰማው የመጀመሪያዋ ነው። ያስቃል ብላ ታስብ የነበረው ጥያቄ ምንም አያስቅም። ለካስ ትክክለኛው ጥያቄ ይኸው ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አሮጊቷ ብቻ ሲጠይቁት የኖሩት።

«ከመስመሩ በታች» አለቻት። «ሐኪም ዘንድ መሄድ አለብኝ። ዛሬውኑ።»

«ዛሬ? ሰውየው ሊመጡ ነው እኮ! ብሩኬ፣ የእኔስ ነገር?»

ብሩክታይት ቦርሳዋን ልታዘጋጅ ከኩሽና ወጣች።

አቶ ሀብተ ሥላሴ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጡ። ጋቢያቸው እንደ ጥጥ የነጣ፣ አነጋገራቸው የተመጠነ ሰው ናቸው። ተበላ፤ ተጠጣ። ወይንእሸት አዲስ ቀሚሷን ለብሳ፣ በተነገራት ቦታ፣ በተነገራት አኳኋን ተቀምጣለች። ወይዘሮ ስንቄ ምሳውን ሙሉ ወሬውን ወደ አንድ ነገር ሲያዞሩ ቆይተው፣ መጨረሻ ላይ እጃቸውን አጨበጨቡ።

«እንግዲህ የሰው ወሬ ብዙ ነው! የወንድሜ ልጅ ታመመች ተብሎ ምን ያልተባለ አለ? ይኸው ጳጉሜን ተጠመቀች፣ ያለ አንድ ኪኒን እንደ ችካል ቆማለች። ራሷ ትመስክር። ብሩኬ! ነይ እስቲ ልጄ!»

ብሩክታይት ከጓዳ ወጥታ መጀመሪያ ቡፌው ጋ ቆመች። የብስኩቱን ቆርቆሮ ከፈተች። ከዚያ ትንሽ ሳህን ላይ ሁለት ነገር አድርጋ፣ በሌላው እጇ አንድ ብርጭቆ ውኃ ይዛ ወደ እንግዶቹ መጣች። ቦርሳዋን በሩ አጠገብ አስቀድማ አስቀምጣዋለች።

«እትዬ፣» አለች በትሕትና፣ ሳህኑን እየዘረጋች፣ «ጠዋት በግርግሩ የግፊት ኪኒንዎን ረስተውታል። ይቺ የእርስዎ ናት። ያቺ የእኔ ናት።»

አቶ ሀብተ ሥላሴ ጠላቸውን አፋቸው ሊያደርሱ ሲሉ መሀል ላይ ቀሩ። ወይዘሮ ስንቄ ሳቁ፤ ሳቃቸው ብቻውን ሳሎኑን ዞሮ ተመለሰ።

«ልጅ… ልጅ አይደለች! ትቀልዳለች! ተናገሪ እንጂ፣ ድኛለሁ በያቸው!»

ብሩክታይት ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ የራሷን ብቻ አነሳች፤ አልደረበችም። ምላሷ ላይ አደረገቻት፤ ውኃውን ተጎነጨች። ኪኒኗ በጉሮሮዋ ስትወርድ ተሰማት። ከዚህ ወዲያ ያለውን መንገድ ታውቀዋለች፦ ሆድ፣ አንጀት፣ ደም፣ ከዚያ ላይ። አንድ ጆግ ናት፤ ዛሬውኑ ከመስመሩ አታደርሳትም። ብርጭቆውን ሳህኑ አጠገብ አስቀመጠችና ወደ በሩ ዞረች።

ቦርሳዋ ግን ካስቀመጠችበት የለም።

ወይንእሸት ናት ያነሳችው። ከተቀመጠችበት መቼ እንደተነሳች ማንም አላየም። እናቷ «አንቺ! ወዴት ነው?» አሉ። ሰውየውም አዩዋት። እሷ ቦርሳውን ትከሻዋ ላይ አደረገች፤ ተረከዘ ረጅም ጫማዋን አውልቃ ነጠላ ጫማ አጠለቀች፤ የብሩክታይትን ግራ እጅ፣ ያንን የሚዘለውን፣ ጥብቅ አድርጋ ያዘችና አንድም ቃል ሳትናገር ይዛት ከቤት ወጣች።